ሁለታችን የደበቅነው ስም

ሞላዬ፣

እንደምን ከረምክ ልልህ ብዬ እጄ ተያዘ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቄሱ አባቴ እኔን ሴት ልጁን ፊደል ያስቆጠረኝ ለባሌ መቃብር ልጽፍበት ኖሯል!

ቤቱ ደህና ነው። ዘንድሮ ርብ ሞልቶ ውሃው በረቱ ድረስ ገባ፤ ከብቶቹን ወደ ዳገቱ አወጣናቸው። ያቺ አመለኛ ላምህ ወለደች፤ አሁንም ከኔ በቀር ማንንም አታስጠጋም። አሁን ውሃው ስለጎደለ ጓያ ሊዘራ ነው። የሚያርስልኝ ወንድሜ ስመኝ ነው። የምጽፍልህም በሱ ነገር ነው።

ያን ዓመት መሬት ለግብር ሊለካ ነው ተብሎ አገሩ ሲታመስ፣ ለካዮቹ ማሳው ላይ ችካል ተክለው ሄዱ። እኛም እኮ ክረምት ሳይገባ ድንበራችን ላይ ረጃጅም ችካል እንተክላለን፤ ውሃው ሜዳውን አንድ ሲያደርገው ድንበር በምን ይለያል? ሲጎድል ነቅለን ለከርሞ ወደ ቤት እናስገባለን። አንተ የራስህን ነቅለህ ተሸክመህ ስትመጣ የሹሙ ታጣቂዎች፣ ነጭ ለባሾቹ፣ መንገድ ላይ ያዙህ። ለካ በዚያው ጠዋት የመንግሥት ችካል ተነቅሎ ኖሯል። እንጨት ያው እንጨት ነው፤ ማን ያስረዳቸው! እየነዱ ወረታ ወሰዱህ። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ስምንት ወር።

የነቀለው ስመኝ ነበር። በዚያው ዕለት መጥቶ ነገረኝ። ሹሙ ነቃዩን ካወጣሽ ባልሽ ዛሬውኑ ይፈታል ሲለኝ፣ አላውቅም አልኩ። ስመኝ እጄን ልስጥ ብሎ ሲነሳ እግሩ ላይ ወድቄ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። እሱን ይሰቅሉታል፣ አንተን ግን ንጹሕ ነህና ይለቁሃል ብዬ! ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ? በየእሑዱ ስንቅ ይዤ ስመጣ ዓይንህን ማየት ያቅተኝ ነበር። ዘበኛው አጠገባችን ቆሞ አንተ ስለ ላሟ ትጠይቃለህ፣ እኔም ስለ ላሟ እመልሳለሁ። ከዚያ እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባና በሦስት ቀን ወሰደህ።

ባለፈው ሳምንት አብረውህ ታስረው የነበሩት የጣራ ገዳሙ መሪጌታ ተፈትተው ቤት ድረስ መጡ። በየጠዋቱ እያስወጡ ማንን አየህ እያሉ ይገርፉህ እንደነበር ነገሩኝ። ለካ ስመኝን ሲነቅል በዓይንህ አይተኸው ነበር! ለሳቸው ብቻ ነግረህ፣ እኔ እንዳልሰማ አስምለሃቸዋል፤ ካወቀች በባሏና በወንድሟ መካከል መግቢያ ታጣለች ብለህ። መሐላው ከብዷቸው ነው የመጡት።

አይ ሞላ! እኔ ካንተ ስደብቅ፣ አንተ ከኔ ስትደብቅ! አንዲት ቃል ብትተነፍስልኝ አብረን እናለቅስ አልነበር? ተናድጄብሃለሁ። በሙት መናደድ ኃጢአት ከሆነ ንስሐ እገባለሁ።

ስመኝ ግን እንዳየኸው አያውቅም። ዛሬ ከእርሻ ሲመለስ አስቀምጬ እነግረዋለሁ። አፍህን ብትከፍት ኖሮ አንተ እቤትህ፣ እሱ መቃብር እንደነበረ ይወቀው። ይሄን እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ተቆጣኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ግን፣ ሞላ በተስቦ ሞተ ብሎ ማንም አያልፍም።