አንድ ቀን የሚያስኬደው የደብረ ብርሃን መንገድ

ሰኞ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት

አባባ ሊሞቱ ነው። ወንድሜ ደምሴ ከደብረ ብርሃን የላከው ሰው ዛሬ አንኮበር ደርሶ፣ «እህል አይቀምሱም፤ ጥሩነሽን አምጡልኝ ይላሉ» አለኝ። ዓይናቸው ሲደክም መጽሐፍ እንዳነብላቸው ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። መጻፍም ከሳቸው ነው የተማርኩት። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ቢሏቸው አልሰሙም።

ባሌ ዘመቻ ላይ ነው። አማቴን ጠየቅኳቸው።

«ገና ክርስትና የተነሣ ሕፃን ይዘሽ በዚህ ውርጭ? ደብረ ብርሃን ለጎልማሳ እንኳ ሙሉ ቀን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ትቼው እንዳልሄድ ይጠባል። ይዤው እንዳልሄድ ብርዱ። ብቀር ደግሞ አባባ።

ማክሰኞ

ወጣሁ። የአልዩ አምባው ነጋዴ ሼህ ዑመር ከጓደኞቻቸው ጋር ጨው ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ሲያልፉ ለመንኳቸው። የራሳቸውን በቅሎ ለቀቁልኝ። «አላህ ካለ ሳይመሽ እንገባለን» አሉ።

ዳገቱን እንደጨረስን ነፋሱ ተቀበለን። ሜዳው አያልቅም። አንዲት ጭልፊት በላያችን ወደምንሄድበት አለፈች፤ ቀናሁባት።

እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑ መጥባት ተወ። ከንፈሩ ጠቆረ። ብጠራው፣ እግሩን ባሸው ዝም። ሼህ ዑመር አዩትና በቅሎዋን አቆሙ።

«ልጄ፣ ከቀጠልን ዛሬ አባትሽ ዘንድ ትደርሻለሽ። ይኼ ልጅ ግን እሳት ይፈልጋል። ቁርጡን አንቺው ንገሪኝ።»

ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ ነበር። ወደዚያ አልኩ። እሳቸውም ጭነቱን ለጓደኞቻቸው ሰጥተው አብረውኝ ቀሩ። የጎጆዋ ባለቤት አንዲት ባልቴት ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ልጁን ተቀብለው እሳቱ ዳር በደረታቸው አቀፉት።

ይህን እዚሁ ጎጆ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጀምበር አልጠለቀችም። ብንሄድ ይሄኔ ተቃርበን ነበር።

ረቡዕ

ልጄ ዶሮ ሳይጮህ ጠባና ተኛ። ፈጣሪ ይመስገን። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ተነሣን።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ደምሴ ራሱን ተላጭቶ ደጅ ተቀምጧል። ገባኝ። ከበቅሎዋ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«ዶሮ ሲጮህ አረፉ። አሁን ከቀብር መመለሳችን ነው» አለኝ።

ሐሙስ

ደምሴ ሳይደብቅ ነገረኝ። አባባ «ደረሰች?» እያሉ ቢጨነቁበት፣ «ደርሳለች» አላቸው። ዓይናቸው አያይም። የሚስቱን የብለጡን እጅ አስያዛቸው። አባባ የሷን እጅ ይዘው፣ «ጥሩዬ» እያሉ ሞቱ።

እፎይ ብለው መሄዳቸው ደስ አለኝ። ግን የኔ እጅ ነበር መሆን የነበረበት። ብለጡ ዓይኔን ፈርታ ጓዳ ዋለች። ያመጣችልኝንም እህል አልቀመስኩም።

ዓርብ

እኔው ጓዳ ገባሁ። «ምን አሉኝ?» አልኳት።

አለቀሰች። ኋላ፣ «‹እጅሽ ቀዝቅዟል። ልጁስ? መንገዱ አልጎዳውም?› አሉ። ‹ደህና ነው አባባ፣ ጠብቶ ተኝቷል› አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ‹ጥሩዬ› ብቻ ነበር የሚሉት። ዋሸኋቸው እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ።

የጎጆዋ እሳት ዓይኔ ላይ መጣ። ልጄም በባልቴቷ እቅፍ።

«አልዋሸሻቸውም» አልኳትና በዚያው ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ጠብቶ መተኛቱን ነገርኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። ሕፃኑን ሰጠኋት፤ እስኪተኛ እሹሩሩ አለችው።

አርባቸው እስኪወጣ እዚሁ ነኝ። ልጁ አሁንም ትንሽ ያስለዋል። የመልሱን መንገድ ገና አላስብም።