በቦርጬ ላይ ስለተነፋው ፊሽካ

ለተከበሩ የውሃ መዝናኛው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ወገብዎን መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ መዝናኛዎ የሰውን ጨዋነት የሚለካው በወገቡ መሆኑን ባለፈው እሑድ ስለተረዳሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን መሪ ጨብጬ ተቀምጬ የኖርኩ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ቦርጬም የዚያው አገልግሎት ምስክር ወረቀቴ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ እንዳልተወው ነገሩ የመጣብኝ በዚሁ በሆዴ ሆነና በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ በርዎ ላመስግን። ከበሩ በላይ የሰቀሉት ትልቅ ፎቶ ላይ አንድ ጎረምሳ በጠባብ የዋና ሙታንታ ቆሞ፣ ሆዱ እንደ ቆርቆሮ ተሸንሽኖ ይስቃል። ከሥሩ «እንደ ቤትዎ ይሁኑ» ይላል። እኔ ሞኙ አምኜ ገባሁ።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ዓይነት ሙታንታ የገዛሁት ያምርብኛል ብዬ አይደለም፤ እንደማያምርብኝ ባለቤቴ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለን ነግራኛለች። የገዛሁት ለአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ስል ነው። ልጄ በእኔ ወጥታ ሞላ ያለች ናት። ትምህርት ቤት ካሾፉባት ወዲህ ሰፊ ካናቴራዋን ሳታጠልቅ ውሃ አትገባም፤ ካናቴራው ደግሞ ውሃ እየጠጣ ቁልቁል ስለሚጎትታት ዋና መማር አቃታት። ምክር ሰለቸኝ። አባቷ ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ በሰው ፊት ሳያፍር ሲንጎማለል ብታይ እሷም ማፈሩን ትተዋለች ብዬ፣ ገንዳው ዳር ቆሜ በሙታንታዬ አንዴ ዞርኩላት። ሳቀች። ከዚያም፣ ክቡርነትዎ፣ ካናቴራዋን አወለቀች።

ሦስተኛ፣ ጠባቂዎ ፊሽካውን የነፋው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ስለ ንቃቱ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰው ሲሰጥምም እንዲሁ ፈጥኖ ይነፋ ይሆናል ብዬ በጎ በጎውን አስባለሁ። ገንዳ ሙሉ ሕዝብ ዞሮ ሲያየን፣ አለባበሴ ለቤተሰብ የማይመች ስለሆነ እንድሸፈን በድምፅ ማጉያ አስረዳኝ። ከአጠገቤ ሁለት ቀጫጭን ወጣቶች ያንኑ ሙታንታ ለብሰው ቆመው ነበር። ይህንኑ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ባመለክትዎ «እነሱ ስፖርተኞች ናቸው» ብለው መለሱልኝ። እንግዲህ የተከለከለው ሙታንታው ሳይሆን ቦርጩ ከሆነ፣ በሩ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

አራተኛ፣ ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ፣ ሙታንታዬን ተቀብላችሁ ማሰሪያው የተበጠሰ የመዝናኛውን ሰፊ ቁምጣ አለበሳችሁኝ። ያኮረፈች ልጄን ላስቃት ብዬ ከረጅሙ መንሸራተቻ በደረቴ ተኝቼ ወረድኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ እኔ ቀድሜ ገንዳው ደረስኩ፣ ቁምጣው ዘግይቶ ተከተለኝ። በሙታንታዬ ያልታየው ሁሉ፣ በእርስዎ ቁምጣ ምክንያት ለቤተሰብ ሁሉ ታየ። ስለ ጨዋነት ጥበቃዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ይህንስ ስቄ እረሳዋለሁ። የማልረሳው ሌላ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እርጥብ ካናቴራዋን መልሳ ለብሳ፣ በመስኮት እያየች፣ «አባዬ፣ ፊሽካው የተነፋው ለኔ ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም ብዬ ማልኩላት። እጄን ቸብ ቸብ አደረገችልኝ፤ ከደግነቱ የተነሣ የሚዋሽን ሰው እንደሚያባብሉት። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚባል ነገር አይነሳባት፤ ካናቴራውንም ቤት ውስጥ እንኳ አታወልቀውም። የእኔም ንዴት አላባራም።

ስለዚህ ካሣም ይቅርታም አልለምንዎትም። ፊሽካው ለእርሷ እንዳልነበረ በራስዎ አፍ ይንገሩልኝ። እኔን አላመነችኝም።

ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለወገብዎ፣ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
በሰፊ ቁምጣዎ የተራቆተው ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ በመጪው እሑድ እናንተ ዘንድ የቀረውን ሙታንታዬን ልወስድ ስመጣ አውቶቡስ ሙሉ ባልደረቦቼን ይዤ ነው። ሁሉም እንደኔ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው፤ ሁሉም ሙታንታ ገዝተዋል። ልጄ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። በዚያ ሁሉ ቦርጭ መሃል የሚነፋ ፊሽካ ለእርሷ ነው ብላ ለማሰብ ይቸግራታል። ጠባቂዎ ከወዲሁ ትንፋሽ ያጠራቅም።