የአያሌው አወራወር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም እጁን አላንቀሳቅስም ብሎ ዋለ። ሐኪሟ የሰጠችውን የስፖንጅ ኳስ ሚስቱ የሺ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ዝም ብሎ እያየ ይለቀዋል። አያሌው ማለት ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው። እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ሒሳብ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቅርጫት ኳስ። ነሐሴ ላይ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ዛለ። እግሩ ተመልሷል፤ በከዘራ ይሄዳል። እጁ ነው ችግሩ። «ጡንቻው አልሞተም፤ እሱ ነው የማይሞክረው። በእነዚህ ሳምንታት ካላሠራው እንደደረቀ ይቀራል» ብላቸዋለች ሐኪሟ። መናገር ይችላል፤ ቃሉ ትንሽ ይጎተታል እንጂ። ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተወኝ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ባጃጅ ሳልይዝ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ።

ቤት ገብቼ ጌሙን ከፈትኩ። ልጄ ሕሊና ባሕር ዳር ሥራ ስትይዝ ጥላልኝ የሄደችው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሱስ ሆኖብኛል፤ ለሰው አላወራም። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የቅርጫት ኳስ ጌም ነው። የራስህን ተጫዋች ትፈጥራለህ፤ ከዚያ እንዴት እንደሚሮጥ፣ እንዴት እንደሚወረውር ትመርጥለታለህ። አኒሜሽን ይሉታል። አብዛኛው ቁልፍ ተስሎበታል፤ ተጫውተህ ካላስከፈትከው አይሰጥህም።

ዝርዝሩን ሳገላብጥ አንዱ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። የአያሌው አወራወር ነው። ኳሷን ቀኝ ጆሮው አጠገብ ያነሳና አየር ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ የእጁን አንጓ እጥፍ። ይህን ቢያይ እጁ ይናፍቀው ይሆን? ቁልፍ አለበት። አስከፍተዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተጫዋቹን ፈጠርኩ።
ስም፦ አያሌው።
ማሊያ፦ 8፣ የድሮ ቁጥሩ።
ጢም፦ ያኔ የነበረው ቀጭኑ።
ቁመት፦ አንድ ሜትር ከዘጠና።

እውነቱን ለመናገር አያሌው ትከሻዬ ድረስ ነው። ግን ሰውን፣ ያውም የታመመ ሰውን፣ በምን አንጀቴ አሳጥሬ ልጻፈው? የሠርግ መጥሪያ ስልክለት እንኳ «ክቡር አቶ» ብዬ ነው።

ሦስት ጨዋታ ተሸነፍኩ። አወራወሩን ለማስከፈት የውርወራ ነጥቡ 75 መድረስ አለበት። አሁን 61 ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሚካኤል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩና በዚያው ወደ አያሌው ጎራ አልኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የሺ እስከ በር ሸኝታኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎንም ካልሰማ እንግዲህ ማንን ሊሰማ ነው?» አለችኝ። ሆድ ባሰኝ። አንድ የያዝኩት ነገር አለ ብያት ወጣሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ባልሽ አልጋ ላይ ሆኖ እኔ ጌም እየተጫወትኩልሽ ነው ይባላል?

መብራት አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ነጥብ 68።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

75 ሞላ። ቁልፉ አልተከፈተም።

ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ሕሊና ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አንብበሃል? ለአጭር ተጫዋች ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስንት አድርገኸው ነው?»

ነገርኳት። «ጋሽ አያሌውን? አንድ ሜትር ከዘጠና?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ቁመት አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም አለች፤ እንደገና ከዜሮ ነው። የሦስት ቀን ልፋት ገደል ገባ። ሰውን ማክበር እንዲህ ጉድ ይሠራኛል ብዬ መች ጠረጠርኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 14

አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ሰውየውን ከኋላው ያማሁት መሰለኝ።

ግን ይኼ አጭሩ ሲጫወት ሌላ ነው። ረጃጅሞቹ ጎንበስ ሳይሉ በጎናቸው ሹልክ። ልክ እንደሱ። መጀመሪያውኑ እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ጨርሼ ነበር። አምስት ጨዋታ፣ አራቱን አሸነፍኩ። አውራ ጣቴ ተላጠ። ምሳ ረሳሁ። ነጥብ 72።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ረፋድ ላይ ተከፈተ።

አወራወሩን ሰጥቼው ሜዳ አስገባሁትና ወረወረ። ኳሷ ጆሮው ጋ ወጣች፣ ቆም አለ፣ እጥፍ። እንባዬ መጣ። ብቻዬን ነኝ፣ ማንን አፍራለሁ። ደጋግሜ አስወረወርኩት። ለአያሌው ላሳየው ዕቃውን ነቅዬ በዘንቢል ከተትኩ።

ከዚያ ሐሳብ ያዘኝ። እጁ ለከዳው ሰው የሚወረውር እጅ ማሳየት ጭካኔ ቢሆንስ? አሾፈብኝ ቢልስ? አርባ ዓመት ሙሉ ተቀያይመን አናውቅም፤ በስተርጅና በጌም ልንጣላ ነው። ልተወው ብዬ ዕቃውን ወደ ቦታው መለስኩ። የሺ ደውላ ዛሬ ደግሞ ስፖንጁን ወረወረው አለችኝ። በግራ እጁ ነው የወረወረው፤ ቀኙን ጭራሽ ሊረሳው ነው። ዕቃውን መልሼ በዘንቢል ከተትኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቅዳሴ መልስ ዘንቢሉን ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። ቴሌቪዥናቸው ላይ ስሰካ አያሌው በጎን ያየኛል።

«ምንድን ነው?»

«አንተ ነህ» አልኩት።

አስወረወርኩት። ደገምኩለት። ግንባሩን ቋጠረ። በቃ፣ ከፋው፣ አጠፋሁ ብዬ ልነቅለው ስነሳ፣

«እሱ አይደለም» አለ።

«እንዴት አይደለም?»

«ክርኑ። ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል። የኔ አይወጣም።»

«ይወጣ ነበር እንጂ።»

«ስሜነህ፣ አይወጣም አልኩህ እኮ።»

እኔም እልህ ያዘኝ፤ ይወጣ ነበር ብዬ ድርቅ አልኩ። ሊያሳየኝ ቀኝ እጁን በግራው አነሳ። ጆሮው አጠገብ አደረሰው፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰበሰበ። ከዚያ ግራ እጁን ለቀቀ። ቀኙ እዚያው ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ቆመ። አምስት ልቁጠር አሥር እንጃ። ከዚያ ጭኑ ላይ ወደቀ። የሺ በሩ ላይ ነበረች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«እንደገና አሳየኝ» አለ።

አሳየሁት። እሱም እንደገና አነሳ። ሁለተኛው ደረቱ ድረስ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ከዚያም አነሰ። ደክሞት አላበው። ነገም ይህን ያህል ይሁን አይሁን አላውቅም። ስፖንጁንማ አሁንም አልነካውም።

ስወጣ ነገ ከምሳ በኋላ ና፣ ግን ክርኑን አስተካክለህ ና አለኝ። ጌሙ ላይ ክርን አይስተካከልም። እሺ ብዬው መጣሁ።