የእማዬ ብልቃጥ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሎኛል እንጂ ሁላችንም ደህና ነን። አንተስ እንዴት ከርመሃል?

ከተመረቅሁ ወዲህ የገባሁበት ቤተ ሙከራ ተስማምቶኛል። የምናጠናው የጤነኞችን ደም ነው። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል አንዱ ወገን አዋጊ፣ ሌላው ተዋጊ ነው፤ በጤነኛ ሰው የሁለቱ ሚዛን ልክ እንደ አፍንጫ ከቤተሰብ ይወረሳል። አዲስ ሠራተኛ የሚለማመደው በራሱና በዘመዶቹ ደም ስለሆነ እማዬንና እህቷን፣ አክስታችንን፣ ይዤ ሄድኩ። እማዬ ክንዷን እየዘረጋች፣ "አስተምሬሽ ደሜን ልትጠጪው ነው?" ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

የእኔና የአክስቴ ሚዛን ቁርጥ አንድ ሆነ። የእማዬ ብቻ ከዘመድ ተለየ። እጄ ገና ስላልተፍታታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አራተኛውን አለቃዬ ራሱ ሠራው፤ ከዚያ ብልቃጧን ከጤነኞቹ መደርደሪያ አንሥቶ ለሐኪም ማስታወሻ ጻፈ።

"የማሽኑ አመል ይሆናል" አልኩት።

"ይሆናል" አለና ወንበር ሳበልኝ።

እማዬ ደህና ናት። ቀሚሶቿ ሰፍተዋት አስጠብባቸዋለች፣ ሌላ ምንም የለም። "ልጄን በሥራው ላይ እንዳታስጨንቂው" ስላለችኝ አላስጨንቅህም። ግን ፈቃድህን ለዓመቱ መጨረሻ ከምታቆየው አሁን ብትወስደው ምን ይመስልሃል? ሐኪሙ የቀጠራት ለዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነው። እኔን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት "አንቺ ደግሞ" ብላ ትመልሰኛለች፤ አንተ ከመጣህ ግን እሺ ትላለች።

አክስቴ ጉንጭህን ስማለች። በደህና ያገናኘን፤ አልጋህን ዛሬ አንጥፌዋለሁ።

የምትወድህ ታናሽህ