ኪሎው በሹክሹክታ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 8፡00

ሃያ ሁለት ሕፃን መዝኛለሁ፣ ክንዴ ዝሏል። ምሳ አልቀመስሁም። ሚዛኑ ከጤ/ጣቢያው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕፃኑ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። እኔ ስምና ኪሎ እጠራለሁ፣ ባልደረባዬ ታምራት በረንዳው ላይ ሆኖ መዝገብ ይሞላል። በረንዳው ራቅ ስለሚል መጮህ ነው። ዘበኛችን አያ ደርሶ ግቢው የቅዳሜ ገበያ መሰለ አሉ። እኔ እንደ ሙገሳ ወሰድሁት።

ደግሞ ዛሬ ትልቅ ነገር ጀምሬያለሁ፣ ደብተሬ። የወሩ ሸጋ ሕፃን ሽልማት። ሐሳቡ የራሴ ነው፣ ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶኛል። አንድ ሰማያዊ ሳፋና ሁለት ሳሙና። ያሸነፈው የጥሩዬ ልጅ ጌታሰው ነው፤ ሰባት ወሩ፣ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። ክንዱ ላይ እጥፋቱ ብቻ አምባር ይመስላል። ከፍ አድርጌ ይዤ ለሁሉም አሳየሁት፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ልጅ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም ብዬ ተናገርሁ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። የለም። ጥሩዬ ልጇን ከእጄ ነጥቃ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። ሳፋውን ትታው ልትሄድ ነበር፣ አያ ደርሶ ሮጠው አስያዟት። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ።

አንድ ሐሳብ ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። እናና፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ለጋ እናት። ልጇ ውባለም ስምንት ወሯ ነው። አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ። የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ አረፈ፣ ክፉኛ ከስታለች ማለት ነው። ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ እሰየው። የአንድ ሳምንት የለውዝ ምግብ ፓኬት ሰጥቻታለሁ። በየሰኞው ካልታየች ግን ይህች ልጅ ከእጃችን ትወጣለች። እናና አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ኪሎዋን ስጠራ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እንዳዩዋት አሁን ገና ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ማታ 1፡00

ጌታሰው ተቅማጥ ይዞታል አሉ። ሽልማቱን በወሰደ በማግሥቱ። ጥሩዬ ራሷ አልመጣችም። የባሏ እኅት መጥታ የሚበጠበጠውን ጨው ወሰደች፤ እኔ ስሰጣት በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። እጄ ላይ እከክ ያለ መሰለኝ። አየሁት፣ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከቀኑ 9፡00

ገበያ ሄጄ ተመለስሁ። ጉድ ነው። አዲስ ገብስ ልገዛ ሁለት ሴቶች ያሉበት ብቀርብ፣ አንዷ የታዘለ ልጇን ወደ ደረቷ አዞረች፣ ሌላዋ ከነቁናዋ ፎቀቅ አለች። ሽንኩርት ሻጯም እንደ ልማዷ አልቀለደችብኝም። እኔ ደግሞ ካልተቀለደብኝ ያመኛል፣ ታውቂኛለሽ።

አያ ደርሶን በር ላይ ያዝኋቸው። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ሳሉ፣ ስለ ሰማዩ አወሩ። ለቀቅ አላደረግኋቸውም። በመጨረሻ ተነፈሱ።

«የሲስተሯ ዓይን ከባድ ነው እየተባለ ነው። እኔ አላልሁም፣ ሰው ነው ያለው።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ እንጃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 6፡30

ሚዛኑ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የመጣው ሕፃን ብዛት፦ የታምራት ስልክ ላይ ያለችው የእኅቱ ልጅ ፎቶ ብቻ። እናናም አልመጣችም። ፓኬቱ ዛሬ ያልቃል። ኅዳር 23 ደግሞ የክትባት ቀን ነው፣ ኩፍኝ በቆላው በኩል ታይቷል፤ እንዲህ ከሆነ ክትባቱን ለማን ልንሰጠው ነው።

ታምራት የወላይታ ልጅ ነው፣ እዚህ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። እንዲህ የሚሉሽ ምን አድርገሽ ነው አለኝ። ላስረዳው ስጀምር የምናገረውን ራሴ ሰማሁት። ሕፃን በአደባባይ አይደነቅም። ያደነቀ ሰው እንትፍ እንትፍ ይላል፣ ወይም ምን ያለ መናኛ ብሎ ያሳንሰዋል። ኪሎውን እየጠሩ ማሳየትማ... ይህን እኔ የጎንደሯ፣ የቀሐዋ ልጅ አጥቼው አይደለም። ኮሌጅ ስገባ ከአሮጌ ልብሶቼ ጋር እቤት ትቼው የሄድሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ 12፡30

እናቴ ደወለች። ጎንደር ቁጭ ብላ ከዳባት በላይ ያለውን ወሬ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች፤ የገበያ ዘመድ የማታፈራበት አገር የለም። ምነው አንቺ ልጅ ብላ ጀመረች። እኔን እስከ ሁለት ዓመቴ በነጠላ ሸፍና እንዳሳደገችኝ፣ የጎረቤት ሴት አንዴ ፀጉሬን አሞግሳ እንትፍ ሳትል ብትሄድ አንድ ሳምንት እንቅልፍ እንዳጣች። ሩብ ሰዓት ተቆጣችኝ። ከዚያ ስለ ጎረቤታችን ሠርግ ሩብ ሰዓት አወራችኝ። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከቀኑ 7፡00። ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ሥር እማሆይ ሰርክአዲስን አገኘኋቸው። መንኩሰው ዐሥር ዓመታቸው ነው፣ ከዚያ በፊት አዋላጅ ነበሩ፣ የዚህ አገር ግማሹ ሰው እሳቸው እጅ ላይ ነው የወረደው። ሁሉን ነገርኋቸው። ዳዊታቸውን ሳይዘጉ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ የተማርሽውን አልነቅፍም። ደግ ሥራ ነው። ግን ሴትዮዋ ያላትን አንድ ነገር ገበያ መሐል አውጥተሽ ጠራሽባት። የወፈረውንም የከሳውንም። አንቺ ብትሆኚ ትወጃለሽ?»

አልወድም አልሁ። ኮሌጅ ውስጥ የታካሚ ምስጢር የሚባል ትምህርት ነበር። ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

እሑድ ወደ እናና ቤት አብረውኝ ሊሄዱ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ልጅቷን እንዳላይ። መመርመር ያለብኝን ልጅ ሳላይ እንዴት እንደምመረምር አልጠየቅሁም። ነገ አስብበታለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቀኑ 11፡00

አሁን ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ፣ ሆዴ ዶሮ፣ ልቤ ሙሉ። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባልና ሁሉ ቤት ቅበላ ነው። እማሆይ ግን ቆሎ ብቻ ቆረጠሙ።

ወንዙን ተሻገርን። የእናና አማት በር ላይ ቆመው አዩን፣ አላስገቧቸውም እንዳይባል እማሆይን አስገቡ፣ እኔን ከኋላቸው። ውስጥ ጨለም ይላል። ልጅቷ መደቡ ላይ በጋቢ ተሸፍና ተኝታለች፤ አውቄ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ወጡ ቀረበ፣ በላን፣ ስለ ገብሱ አጨዳ ተወራ፣ ስለ እኔ አለማግባትም በሰፊው ተወራ። ውባለምን ማንም አላነሣትም።

ከዚያ ትርፉን ሚዛን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልጅሽን ላያት አልመጣሁም አልኋት እናናን፣ ሚዛኑን ላውስሽ ነው። እናና እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፣ ቁጥር ታነባለች። ከምሰሶው ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል በባዶ ከረጢት አሳየኋት። የክንድ መለኪያውንም ሰጠኋት፣ የት ላይ እንደሚጠመጠም በራሴ ክንድ አሳይቼ። ከዚያ ዞርሁና ግድግዳውን አየሁ። ጭቃው ውስጥ ያለውን ጭድ ቆጠርሁ። ከኋላዬ ከረጢቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አማቷ ቀስ በይ ሲሉ፣ ሕፃኗ እልህ ይዟት ስትጮህ እሰማለሁ። ጩኸቷ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለ ጩኸት ለእኔ ከምርመራ እኩል ነው።

እናና መጣች፣ ከጎኔ ተንበረከከች፣ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። አምስት ከስምንት። ሁለት መቶ ግራም ጨምራለች። ፓኬቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን ሳትዘል ሰጥታታለች፤ ካለቀ ስድስት ቀኑ ነው። መለኪያው ግን አሁንም ቀይ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዞሬ ሳላይ፣ በየሳምንቱ ካልመጣሽ የጨመረችው ይመለሳል አልኋት።

ልጅቷን መልሳ በጋቢው ጠቀለለቻት። እማሆይ ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ።

«እመጣለሁ ሲስተር። ስሟንና ኪሎዋን ግን ማንም እንዳይሰማ።»

ማንም አይሰማም አልሁ። የሁለት ሳምንት ፓኬት ትቼላት ወጣሁ። በሩ ላይ አማቷ ትከሻዬን መታ አደረጉና ለሚመጣው ቅበላ ስትመጪ ባል ይዘሽ ነይ አሉኝ። ቀልድ ተመለሰልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 10፡00

ወይራው ሥር የተሰቀለው ሚዛን ወርዷል። ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረግነው፣ ከአሮጌ አንሶላ መጋረጃ ሰፋሁ። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ታምራት ሳቀበት፣ እሱ ግን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም። ከአሁን በኋላ አንድ እናት ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ ትገባለች። ራሷ ትመዝናለች፣ ራሷ ታነባለች፣ በጆሮ ትነግረናለች። ማንበብ የማትችለውን እኔ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ስም አንጠራም፣ የተራ ካርድ ይሰጣል።

ከሰዓት ዘሃራ መጣች፣ መስጊዱ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ለራሷ የእርግዝና ክትትል። ስፌቴን አይታ አንሶላውን ከእጄ ቀማችኝ፣ ፈታችው፣ እንደ ገና ሰፋችው። እየሰፋች አናገረችኝ። እነሱ ሕፃን ሲያዩ ማሻአላህ ይላሉ። የእኔን ወሬ ስትሰማ ያስደነገጣት ማድነቄ ሳይሆን ከማድነቁ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሰው እንደዚያ አወድሶ ዝም ሲል ምን አስቦ ነው እንላለን አለችኝ።

ታምራት ከበረንዳው ሆኖ እሱ ጌታ ይባርክህ እንደሚል ተናገረ። ዘሃራ መርፌዋን አንሥታ እሱም ያገለግላል አለች፣ ፈቃድ እንደምትሰጥ ሁሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ማታ 12፡00

እግሬ የእኔ አይደለም። አፌ ደርቋል፣ ከጠዋት ጀምሮ እንትፍ እንትፍ ስል ውዬ።

በ3፡00 አንድም ሰው አልነበረም። በ3፡30 እማሆይ በትራቸውን ይዘው ገቡ፣ መርፌ የሚወጉ ይመስል በሩ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሁለት እናቶች። ከኋላቸው አምስት። በ5፡00 አያ ደርሶ የተራ ካርድ አልቆባቸው ከሲጋራ ፓኮ ይቀድዱ ጀመር፤ ሲጋራ እንደሚያጨሱ ሚስታቸው ሰልፉ ላይ ሆና ያወቀችው ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለሌላ ቀን።

ከመጋረጃው ጀርባ ዋናው ደስታ ነበር። እናቶቹ ሚዛኑን ራሳቸው ማንበብ መቻላቸውን ወደውታል። አንዷ ሦስት ጊዜ መዘነች፣ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ። ሦስት እናቶች ቁጥር ማንበብ አስተምሩን ብለው ታምራትን ያዙት፤ ዓርብ ዓርብ ሊያስተምር ቃል ገባ። የሚገባው ሕፃን ሁሉ ከእኔ እንትፍ፣ ከዘሃራ ማሻአላህ፣ ከታምራት ጌታ ይባርክህ እየተቀበለ ይወጣል። ዘሃራ ቀጠሮ አልነበራትም፣ ጎራ ብላ ቀርታ ነው።

ጥሩዬም መጣች። ጌታሰው ድኖ፣ ከራስ እስከ እግር በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አንድ ትልቅ ተረከዝ ብቻ ይታያል። ተረከዙን አየሁና ምን ያለ መናኛ ልጅ ነው አልሁ፣ ፊቴን አጨማድጄ። ጥሩዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርሷ ሳቀችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ሽልማቴ ሽልማት አልነበረም አልኋት። ሳፋው ግን ይጠቅማል አለች፣ ጫጩት ትከድንበታለች።

እናና ግን አልመጣችም። ሦስት ጊዜ በር ወጥቼ መንገዱን አየሁ። የተውኩላት ፓኬት እስከ ሰኞ ያደርሳታል። የተከፈተውን የመጨረሻ የክትባት ብልቃጥ ለውባለም ብዬ አስቀምጬ ነበር፣ ሲመሽ ሰዓቱ አለፈበትና ጣልሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 29። ከቀኑ 9፡30

የወረዳው አስተባባሪ ስልክ ደወሉ። የወሩ ሸጋ ሕፃን የሚለውን ሰምተው ወደውታል። ፎቶ ላኪ፣ ለሌሎቹ ጤ/ጣቢያዎች አርአያ እናደርገዋለን አሉኝ። አራት ሳምንት ወደ ኋላ ቢሆን በደስታ እወድቅ ነበር። ሽልማቱ ቀርቷል አልኋቸው፣ ፎቶም የለም፣ መጋረጃ ግን አለን። ስለ መጋረጃ ምን ፎቶ ይነሣል አሉ። መጥተው ይዩት፣ ልጅ ይዞ የማይመጣ ግን ውስጥ አይገባም አልኋቸው። አስተባባሪው ሳቁ፣ ስድስት ልጅ አለኝ አሉ። ልጅ በቁጥር ሲጠሩ ሰማሁና ደነገጥሁላቸው።

ስልኩን ሳስቀምጥ አያ ደርሶ በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ብቻ ወደ መጋረጃው አሳዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም፣ ተምረዋል።

ገባሁ። እናና ናት። አማቷም አብረው፣ ላብ በላብ፣ ያለ ወቅቱ በጣለው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ በላይኛው ድልድይ ዞረው ነው የመጡት፤ ባለፈው ማክሰኞም ውሃው መልሷቸው ነበር። ዞሬ ግድግዳ ልይ ስል እናና ክንዴን ያዘችኝ።

«አይዞሩ ሲስተር። ይዩአት።»

አየኋት። እንትፍ እንትፍ። ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ የእኔን አፍንጫ ይዛ አለቅም አለች። ክትባቷን ሐሙስ ከምናገኘው ብልቃጥ ልሰጣት ቀጠርኋት። መለኪያውን እናና ራሷ ጠመጠመች፣ ከቀይ ወጥቷል። አማቷ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ በመዳፋቸው ዘጉት። ከዚያ እናና ሚዛኑን አነበበች፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች፣ ነገረችኝ፤ መዝገቡ ላይ ጻፍሁት፣ መዝገቡን ዘጋሁ።

አንቺ ደግሞ ደብተሬ፣ ስንት ሆነች ልትዪኝ ነው። አውቅሻለሁ፣ ከእኔ ነው የወጣሽ። ደስታዬን ሁሉ ውሰጂ፣ ኪሎዋ ግን በጆሮ የተነገረኝ ነው፣ ለአንቺም አልጽፈውም።