ወደ ቧሂት፣ በለቅሶ ቤት በኩል

ማክሰኞ

ክምሩ አናት ላይ ስደርስ ትንፋሽ አልቀረልኝም። ጓደኛዬ ካሳሁን ከታች ሆኖ፣ "የኔታ! እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ መጽሐፍ ስለማበዛ ያወጣልኝ ስም ነው። ሸካሚዎቹ ሳቁ።

ገዳሪፍ ውስጥ ለተራራ የሚለማመድ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። አገሩ እንደ ትሪ ሜዳ ነው። ያለው የምሠራበት የሰሊጥ መጋዘን ነው፤ ሰሊጡ ገና ስላልተጫነ ኬሻው እስከ ጣራ ተከምሯል፣ ሸካሚ የሚወጣበት ሳንቃም ተዘርግቷል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። ሸካሚዎቹ ባዶ ጀርባውን የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም። ከሁለተኛው በኋላ አንዱ ቀረብ ብሎ፣ "ጋሼ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?" አለኝ።

ዕቅዱ ይህ ነው። የገና ማግስት፣ ሰኞ፣ በካሳሁን ቦክሲ እንነሳለን። እዚህ ፒክአፕን ሁሉ ቦክሲ ነው የሚሉት። ገላባት፣ መተማ፣ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ከዚያ የሰሜን ተራሮች። መንገዱ እስከሚያስኬድ በመኪና፣ የቀረውን በእግር እስከ ቧሂት ጫፍ። ከአራት ሺሕ ሜትር በላይ። እኔ መተማ ቆላ ተወልጄ ገዳሪፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሁሉ ከፍ ያልኩት ጎንደር ነው፤ እሱንም ታምሜ ተኝቼ ነው ያየሁት።

ድንበሩ ክፍት ነው። መንገዱም ሰላም ነው ይባላል። ለመኪናው የተሰጠን ፈቃድ ዐሥር ቀን ነው።

የቀረን፦ ጃኬት፤ የመኪናው ፍተሻ፤ የሻረግ።

የሻረግ ሚስቴ ናት። ትናንት "አብረን እንሂድ" ብላት፣ "ተራራ የሚወጣው ወይ ገዳም ለመሳለም ነው፣ ወይ ፍየል ጠፍቶ ነው። ያንተ የትኛው ነው?" አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ለደስታ ብለን አብረን የትም ሄደን አናውቅም። ያለ እሷ ከሆነ ደግሞ ከካሳሁን ጋር መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው፤ እሱንማ ለሥራ በየሳምንቱ እስከ ቁረይሻ እርሻ ደርሶ መልስ አደርገዋለሁ።

ረቡዕ

ሰልባጅ ተራ። "ለብርድ የሚሆን ጃኬት" ስለው ሻጩ እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። "ወባ ነው?"

ከክምሩ ሥር ሁለት አወጣ፤ ቀይና ሰማያዊ፣ እንደ ፍራሽ በጥጥ የታጨቁ። የቀዩ ኪስ ውስጥ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቲኬት አለ። ለክቼ አየሁት። ቀትር ላይ ነበር። ሦስት ሰዎች ቆመው አዩኝ፤ አንዱ ሮጦ ውኃ አመጣልኝ።

ሰማያዊውን ለየሻረግ ጓዳው በር ላይ ሰቀልኩላት። የደባርቅ ልጅ ናት፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ልትሠራ ለአንድ ወቅት ወርዳ እንደ እኔው እዚሁ የቀረች።

"የማን ነው?"

"ያንቺ።"

"እኔ ብርድን የማውቀው በጋቢ ነው" ብላ ከሥሩ አልፋ ገባች። ግን አላወረደችውም። ይህን እንደ ድል ቆጥሬዋለሁ።

ሐሙስ

ዑስማን ጋራዥ። የቦክሲው መካኒክ እሱ ነው። ሞተሩ ቴርሞስታት እንዳለው ጠየቅኩት።

"ማፊሽ፣ የለም። ከዐሥር ዓመት በፊት ራሴ ነቅዬ ጣልኩት። እዚህ አገር ለምን ይሆናል?"

እውነቱን ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ ዕቃ ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ሁሉም የሚለፋው እንዳይሞቅ ነው። ተራራው ላይ ግን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ማታ ካልተደፋም ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቃል አልኩት።

ዑስማን እጁን ጠረገ። "በራሱ? ያለ ፍሪጅ?"

"በራሱ።"

ጎረቤቱን ጠርቶ ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ። ሁለቱም በትሕትና ሰሙኝ፤ አላመኑኝም። ቢሆንም ዕቃውን ከከሰላ በአውቶቡስ ሊያስመጣልን ተስማማ።

የባሰው ክርክር ከካሳሁን ጋር ነው። የሱ አሳብ ሰኞ ጎንደር፣ ማክሰኞ ካምፕ፣ ረቡዕ ጫፍ። ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ቃል የሚለው ከቆላ ተነስቶ በመኪና እንዲህ የወጣ ሰው ይታመማል ነው፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከከፋም ሞት አለበት። መሐል መንገድ ላይ ጥቂት ሌሊት ማደር ግድ ነው።

"ራሳችንን ካመመን የወባ ኪኒን ይዘናል" አለ።

"ወባ አይደለም እኮ።"

"ራስ ምታት ሁሉ ወባ ነው። መሐል መንገድ ላይ ደግሞ ምን ስንሠራ እንሰነብታለን? ግድግዳ ስናይ?"

ስለ ከፍታ የጻፉት ሰዎች ስለዚህ አልጻፉም።

ዓርብ

የዕረፍት ቀን። የሻረግ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ብርዱን ነው የፈራሽው?"

"ብርድ ማንን ገደለ!"

"ታዲያ?"

ጠጠር አውጥታ ወረወረች። ሳታየኝ፣ "በደባርቅ ሳይታለፍ የሚኬድበት መንገድ አለ?" አለች።

"የለም።"

"እንግዲያው።"

ትሪውን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። አንዳንዴ የማውቀው ጥሩ ነገር ይህ ብቻ ነው።

"አባቴ ሲሞት የት ነበርኩ? እዚህ። አክስቴስ ስትሞት? እዚሁ። እኔ እዚያ አገር ገና አላለቀስኩም። ያንን ሰማያዊ ፍራሽህን ለብሼ፣ በመኪና ባባቴ ደጅ ሽው ብዬ፣ ገደል ላይ ልሄድ? 'የሻረግ ለሽርሽር መጣች' ልባል?"

"እዚህ ድንኳን ተክለን ተቀምጠናል እኮ።"

"እሱን ያየው የገዳሪፍ ሰው ነው። እዚያ ማን አየኝ?"

ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ከምንም በፊት ለቅሶ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ካርታው ላይ ግን ደባርቅን ነዳጅ የምንቀዳበት ቦታ አድርጌ ነበር የከበብኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት ዝም ብዬ ጠየቅኋት። "ስንት ሌሊት ይበቃል?"

መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወዲያው መጣ። "ዳባት አክስቴ ቤት ሁለት። ደባርቅ አባቴ ቤት ሦስት። ከዚያ ካነሰ ስድብ ነው።"

እርሳስ አነሳሁ። ጎንደር፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ዳባት፣ ደግሞ ከፍ ብሎ ደባርቅ። በየደረጃው ማደር፣ አለመሮጥ፣ ቁጭ ማለት። ቁጭ ማለት ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሥራው እሱ ነው።

"የሹ፣ ልክ መጽሐፉ የሚለው ነው!"

"መጽሐፉ ያባቴን ሞት ማን ነገረው?"

ካሳሁን ሲመጣ ነገርነው። "የምንሄደው ለለቅሶ ነው ለተራራ?" አለ። ለሁለቱም አልኩት። ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ "እኔም አምባ ጊዮርጊስ ላይ አጎት አለኝ" አለ።

"ደኅና ናቸው?"

"ሞቷል።"

የሻረግ ከጓዳ ጮኸች። "አንተ ካሳሁን! አጎትህን ሳትቀብር፣ ለቅሶም ሳትደርስ ነው ስታሾፍ የምትውለው?"

"እቴ የሻረግ፣ ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው…"

አምባ ጊዮርጊስ አንድ ሌሊት ተጨመረ። መንገድ ላይ ነው፣ ከፍታውም ይስማማል። ሒሳቡን ሠራሁት፤ መመለሻው ሲቀነስ ለተራራው የተረፈው አንድ ሌሊት ነው። ማንም ሌላ ሟች እንዳያስታውስ እየፈራሁ ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ተራራውስ? አብረሽኝ ትወጫለሽ?" አልኳት።

"ለቅሶ የሚሄድ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።"

ቴርሞስታቱ ከከሰላ ደርሷል። ዑስማን እየሳቀ ገጠመው።

ሰኞ፣ ገላባት

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። የፈቃዱ ኃላፊ ፉጡር ወጥቷል። በሱዳን ከረፋድ ቁርስ የሚበልጥ ሥልጣን የለም፤ ካሳሁን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የሻረግ ከፊት ተቀምጣለች፣ በጥቁር ነጠላ። ከዶካ ከተማ ጀምሮ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ላባቷ የምታወርደውን ሙሾ እየገጠመች ኖሯል። መጨረሻው እንቢ ሲላት ዞር ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አስቤ አንድ ስንኝ ሰጠኋት።

"ይሄ የመጽሐፍ ነው" አለች። "አባቴ አይገባውም።"

ተመልሳ ወደ ፊት ዞረች። ቆየት ብላ፣ "ሦስት ቀን ሲለቀስ ዓይን ያብጣል" አለች።

"ያብጣል።"

"እንደዚያ ሆኜ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም። ያ ተራራህ ላይ ሰው አለ?"

"ጥቂት ቱሪስት። የቀረው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው።"

"ዝንጀሮ 'ምን ሆነሽ' አይልም" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስተዋቱ።

እሺ ማለቷ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅኳትም። ስንኙን ከመጀመሪያው ጀመረችው፤ አሁን ጥቂት ድምፅ አለው። ኃላፊው እጁን እየጠረገ መጣ።