አራት የወንበር እግር

ጥቅምት 3
ኢንተርኔቱ ዛሬም ሲንፏቀቅ ዋለ። ሂሳቡ ግን አይንፏቀቅም፣ ይሮጣል። የአዲሱ ድርጅት ሻጭ በር አንኳኳ። የቤት ስልክና ኢንተርኔት አንድ ላይ፣ ካሁኑ በጣም የረከሰ። አፈ ቅቤ ነው... ግን ዋጋው እውነት ነው። ፈረምኩ።
እማዬ ከሶፋው ሆና፣ «ስልኩን ሊወስዱት ነው?»
«የትም አይሄድም እማዬ።»
«ልጆቼ ቢጠፉ በምን ይደውላሉ?»
የመጨረሻዋ ልጇ እኔ ነኝ። ሸብቻለሁ።

ጥቅምት 5
በምሳ ሰዓት ከምሠራበት መጋረጃ ሱቅ ወጥቼ የድሮውን መስመር አስዘጋሁ። ሁለት ቦታ ላለመክፈል ነዋ! ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

ጥቅምት 9
ቴክኒሻኑ መጣ። ገመዱን በግድግዳው ጥግ አሳልፎ አዲሱን ሳጥን ሰቀለ። ኢንተርኔቱ ይበራል! ከዚያ አዲስ ቁጥር ነገረኝ።
«የድሮው ቁጥራችንስ?»
«መስመሩ ክፍት ቢሆን እኛው ወደዚህ እናዞረው ነበር። ምነው ቀድመሽ ዘጋሽው እህቴ?»
ክው አልኩ። ምነው ዘጋሁት? ብልጥ ነኝ ብዬ።

ጥቅምት 10
የድሮው ድርጅት ቢሮ ሄድኩ። ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል አሉኝ። በዚህ ፍጥነት?
ልጆች ሳለን እማዬ ቁጥሩን በዜማ ነበር ያስጠናችን። አራት የወንበር እግር፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ፣ አምስት ጣት፣ እንቁላል፣ ሁለት ጆሮ። እንቁላሉ ዜሮ ነው። «ከጠፋችሁ ይህን ለሰው ንገሩ፣ እኔ አነሳለሁ» ትለን ነበር።
አሁን የምትጠፋው እሷ ናት። አምና ሁለት ጊዜ ወጥታ መመለሻው ጠፍቷታል። የሰፈሩን ስም ረስታለች፣ የእኔንም አንዳንዴ። ዜማውን ግን አልረሳችም። ሁለቱንም ጊዜ ያገኟት ሰዎች በዚያ ቁጥር ደውለው፣ ቀን ቀን አብራት የምትውለው አክስቴ አነሳች። ያንን ነው በገዛ እጄ የዘጋሁት።

ጥቅምት 14
ለአዲሱ ቁጥርም ዜማ አወጣሁለት። ትሰማኛለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ «አራት የወንበር እግር...» ብላ የራሷን ትቀጥላለች። ቁጥሩን ጽፌ ሹራቧ ኪስ ከተትኩት። ቀደደችው።
«ሻንጣ ነኝ እንዴ፣ ወረቀት የምትለጥፉብኝ?»
ሳቅኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ።

ጥቅምት 17
እንደምንም ደፍሬ በድሮው ቁጥራችን ደወልኩ። ጎርናና ድምፅ አነሳ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ነገሩን ነገርኳቸው።
«እስቲ ዜማውን በዪልኝ» አሉ።
እያፈርኩ አልኩላቸው።
«ጥሩ። እናትሽ ቢጠፉ የሚደወለው እኔው ጋ ነው ማለት ነው። የአንቺን ሞባይል ንገሪኝ። ከስልኩ አልርቅም።»
የማላውቃቸው ሰው! እንዴት እንደማመሰግናቸው ጠፋኝ።

ኅዳር 2
የፈራሁት ደረሰ። አክስቴ ልብስ አስጥታ ስትመለስ እማዬ የለችም። ሱቅ ደወለችልኝ፣ መቀሴን ጥዬ በረርኩ። ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ... የለችም። ዝናብ ጀመረ። የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። መኪና ቢገጫትስ? ምን ብዬ እኖራለሁ?
ሞባይሌ ጮኸ። ሹፌሩ!
«ተገኝተዋል። ከገበያው ጀርባ፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ ተቀምጠዋል። ዜማውን ነግረውት ሰውየው ደወለልኝ። አይዞሽ፣ እኔም እየሄድኩ ነው።»
ስደርስ ጃኬታቸውን ደርበውላታል። እማዬ እኔን ስታይ ተቆጣች።
«የት ጠፍተሽ ነው? ስፈልግሽ ዋልኩ!»
ለካ እኔን ፍለጋ ነው የወጣችው። አቅፌያት ቀረሁ።

ኅዳር 6
ሐሳቡ የሹፌሩ ነው። አብረን ቢሮ ሄድን፣ ቁጥሩን በእኔ ስም አዞሩልኝ፣ ለራሳቸው ሌላ ወሰዱ። ወደ አዲሱ ድርጅት የምናመጣው መስመሩ ክፍት እንዳለ ነው። አሁንስ ተምሬያለሁ!
«አይቆጭዎትም ጋሼ?»
«ትንሽ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለቁም ነገር የተደወለልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።»
እሁድ ቤት እንዲመጡ ለመንኳቸው።

ኅዳር 12
ኢንተርኔቱ ጠዋት ተቋረጠ፣ ስልኩ ግን ይሠራል። ርካሽ ነውና... ይሁን። ሹፌሩ ትናንት መጥተው ከእማዬ ጋር ካርታ ተጫወቱ። እያጭበረበረች በላቻቸው፣ እያዩ ዝም አሉ። ደግ ሰው።
ከሰዓት መጋረጃ ስለካ ሞባይሌ ጮኸ። የድሮው ቁጥራችን ነው። ከቤት! አክስቴ ናት የደወለችላት።
«እማዬ? ምን ሆንሽ?»
«እኔማ ምንም። ቆየሽብኝ፣ ጠፍተሽ እንዳይሆን ብዬ ነው። ቁጥሩን ታስታውሻለሽ?»
ደንበኞች ቆመው ይጠብቁኛል። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው።
«አራት የወንበር እግር» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በዜማው። «ሁለት ዓይን...»
ከወዲያ ተቀበለችኝ። እስከ ጆሮው ድረስ አብረን አልነው።
«በዪ ጎበዝ። ከጠፋሽ ደውዪ፣ እኔ አነሳለሁ።»